ሞዛርት ከፍቶ መተኛት ጎበዝ አያደርግም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተላከልኝ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ኪቦርድ የማስተምርላቸው ወላጆች ናቸው። ሦስተኛዋ እህቴ ናት። «አንተ ሁሌ የምትለው ነገር ይኸው ተጻፈልህ» ብላ ነው የላከችው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ጽሑፉ ሙዚቃን «የአንጎል ቫይታሚን» ይለዋል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ሞዛርት ማዳመጥ የሕፃናትን አይኪው (በፈተና የሚለካ የማሰብ ችሎታ) ይጨምራል። ሙዚቃ የቀኝ አንጎል ሥራ ነው። መሣሪያ የተማረ ልጅ በሂሳብ ይመጥቃል፤ ከ7 ዓመት በኋላ ግን በሩ ስለሚዘጋ መድከም ከንቱ ነው። ሙዚቃ በሁሉም ሰው አንጎል ዶፓሚን የተባለውን ከደስታ ጋር የተያያዘ ኬሚካል ያፈልቃል። በ432 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) የተቃኘ ሙዚቃ ይፈውሳል። ሙዚቃ እየሰሙ ማጥናት ትምህርትን ያሰርፃል። ሙዚቃ በመርሳት በሽታ የጠፋ ትውስታን ይመልሳል። በመጨረሻም ምክር አለው፦ ሙሉ ጥቅሙን ለማግኘት በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ጸሐፊው ሙዚቃ ይወዳሉ፤ ያስታውቃል። እኔም እወዳለሁ፣ የምኖረውም በእሱ ነው። ስለዚህ «ሙዚቃ ለአንጎል ምንም አያደርግም» የሚል መልስ አትጠብቁ። ጠቤ ከማጋነኑ ጋር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሞዛርት እንጀምር።

ይህ ወሬ መነሻ አለው። በ1993 ፍራንሲስ ራውሸርና ሁለት ባልደረቦቿ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ ገጽ የሆነች ጽሑፍ አወጡ። የፈተኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ነው። ተማሪዎቹ አንዴ ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ሰሙ። አንዴ ሰውነት የሚያፍታታ መመሪያ በቴፕ ሰሙ። አንዴ ደግሞ በዝምታ ተቀመጡ። ከእያንዳንዱ በኋላ ቅርፅን በሐሳብ የማገላበጥ ፈተና ተሰጣቸው፤ ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል መገመት ዓይነት። ከሞዛርቱ በኋላ ያገኙት ውጤት ወደ አይኪው ሲቀየር ከ8 እስከ 9 ነጥብ በለጠ። ብልጫው የቆየው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሕፃን የሚባል ነገር የለበትም። አጠቃላይ አይኪው አልተለካም። የታየውም ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ተኗል። «ልጅዎ ሲተኛ ሞዛርት ይክፈቱለት» ላይ የተደረሰው ከዚህ ተነስቶ ነው። ወሬው ክንፍ አውጥቶ በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይታደል ብለው 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጽሑፉ አይነግረንም። በ1999 ናንታይስና ሼለንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሞዛርቱ ጎን የስቲቨን ኪንግን አጭር ልቦለድ በድምፅ አሰሙ። ልቦለዱን የወደዱት ከልቦለዱ በኋላ፣ ሙዚቃውን የወደዱት ከሙዚቃው በኋላ የተሻለ ሠሩ። በ2001 ደግሞ ሼለንበርግ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ፈጣኑንና ፈካ ያለውን ሞዛርት ከአልቢኖኒ ቀርፋፋና ሐዘንተኛ አዳጆ ጋር አወዳደረ። በአልቢኖኒው የመጣ ለውጥ የለም። የስሜትና የንቃት ልዩነቱ ተሰልቶ ሲወጣ ደግሞ የሞዛርቱም ብልጫ ጠፋ። ተማሪዎቹን የረዳቸው ነቃ፣ ደስ ማለታቸው ነው። በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶችን ደምረው አዩ፤ ተሳታፊዎቹ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። ሌላ ሙዚቃም ያንኑ ያህል ይሠራል። ሞዛርትን ለብቻው የሚያነግሥ የረባ ነገር አልተገኘም።

«ሙዚቃ የቀኝ አንጎል ሥራ ነው» የሚለው ከእውነት ትንሽ ቆንጥሯል። የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት በረቂቁ በመለየት የቀኙ የመስሚያ ክፍል ይበረታል። ግጥሙን ለመረዳት ግን ግራው ያስፈልጋል። ምቱን ሲይዙ ደግሞ እንቅስቃሴን የሚመሩት ክፍሎች ይሠራሉ፤ ሰውየው ፍንክች ባይልም።

ጸሐፊው ሼባሊንን ቢያውቁት ኖሮ ደስ ይላቸው ነበር። ቪሳሪዮን ሼባሊን ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው። በ1959 ለሁለተኛ ጊዜ ስትሮክ መታውና የግራ አንጎሉ ተጎዳ። ንግግር ጠፋበት። ሰው የሚለውን መረዳትም ከበደው። ሙዚቃ መድረሱን ግን አላቆመም፤ አምስተኛ ሲምፎኒውን የጨረሰው ከዚያ በኋላ ነው። «ታዲያ የቀኝ ነዋ!» ማለት ይቻላል። እሺ፣ ያኔ ራቬልን ምን እናድርገው? ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ራቬልም በ1930ዎቹ በያዘው የአንጎል በሽታ ንግግሩና ጽሕፈቱ ተዳከመ። እሱ ግን ዜማው በጭንቅላቱ እየመጣለት ወረቀት ላይ ማስፈር አቃተው። ዜማ ማሰብ፣ መስማት፣ መጻፍ፣ መጫወት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። «ሙዚቃ የሚኖርበት ቤት» ብሎ በግራም በቀኝም አንድ ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ አይቻልም።

አሁን ሥራዬን ወደሚነካው ነጥብ ልምጣ። ሂሳብ።

በቅርቡ አንድ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ጥግ ይዘው አናገሩኝ። «ሦስት ወር ሆነው እኮ። ሂሳብ ላይ እስካሁን ምንም አላየንም» አሉኝ። ልጁ በዚያው ቀን ግራ እጁን ከቀኙ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አስማምቶ አንድ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተጫውቶ ነበር። አባትየው ያን አልሰሙም። «ሂሳቡ ካሳሰበዎት የሂሳብ አስተማሪ ይቅጠሩለት» አልኳቸው። ቅር አላቸው መሰለኝ።

እስቲ የልጁን እጆች ተጠግተን እንይ። ቀኙ ዜማውን ይጫወታል። ግራው በሌላ ፍጥነት ባሱን ይይዛል። ዓይኑ ኖታው ላይ ነው፤ ጣቱ ካለበት አንድ ሁለት ምት ቀድሞ ይሄዳል። ጆሮው የወጣውን ድምፅ ከታሰበው ጋር ያስተያያል። ከሳተ ምቱ ሳያመልጠው ማረም አለበት። ቆሞ ላስብ ቢል ዜማው ጥሎት ይሄዳል። ይህን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚሠራ አንጎል ባይለወጥ ነበር የሚገርመው።

እውነትም ይለወጣል። በ1995 ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ እንደ ቫዮሊን ያሉ ባለ አውታር መሣሪያዎችን የሚጫወቱ ሰዎችን መረመሩ። የግራ እጅ ጣቶችን ንክኪ የሚቀበለው የአንጎል ቦታ ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። የአውራ ጣቱ ለውጥ ግን አነስ ያለ ነበር። ቫዮሊን ሲጫወት ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። አራቱ ጣቶች አውታር ላይ ይሯሯጣሉ፤ አውራ ጣት የመሣሪያውን አንገት ይደግፋል። በቀኝ እጃቸው ደግሞ ልዩነት አልታየም። ደጋን የሚይዝ እጅ ጣቶቹን ለየብቻ አያሯሩጥም። በ2006 ባንገርትና ሽላውግ የእጅ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል እጥፋት ሲያዩ፣ በፒያኖ ተጫዋቾች ይበልጥ በግራው፣ በቫዮሊን ተጫዋቾች በቀኙ ጎልቶ አገኙት። የግራ አንጎል ቀኝ እጅን፣ የቀኝ አንጎል ግራ እጅን እንደሚያዝ ካስታወሳችሁ ነገሩ ቁልጭ ይላል። አንጎል የሚሰፋው በሠራበት ቦታ ነው።

«ሲፈጠሩም እንዲያ ቢሆኑስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2009 የታተመ የክሪስታ ሃይድና የባልደረቦቿ ጥናት ልጆችን ትምህርት ሳይጀምሩና ከ15 ወር የኪቦርድ ትምህርት በኋላ በኤምአርአይ አየ። ሲጀምሩ ከሌሎቹ ልጆች የሚለይ ነገር አልነበራቸውም። በኋላ ግን ከመስማትና ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ክፍሎች ተለውጠዋል። በ2018 ደግሞ ደ ማንዛኖና ኡሌን አንዱ ፒያኖ የሚጫወት፣ አንዱ የማይጫወት ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን አወዳደሩ። የሚጫወተው መንትያ መስማትና እጅን በሚያቀናጁት ክፍሎች የአንጎል ቅርፊቱ ወፍሮ ተገኘ። ዘራቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው ልምምዱ ነው። (የመለማመድ ፍላጎት ራሱ በከፊል በዘር ይወረሳል የሚሉ የመንትዮች ጥናቶች አሉ። እሱን ለሰነፍ ተማሪዎቼ አልነግራቸውም።)

ግን የተለወጠው ምን እንደሆነ እዩ። ጆሮና ጣት። ሂሳብ አይደለም። ሳላና ጎቤ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2020 ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ አዩ። ልጆቹ በዕጣ ተመድበው፣ ሌላ ነገር ከተማሩ ልጆች ጋር ሲወዳደሩ ሙዚቃ ለሂሳብም ለአጠቃላይ የማሰብ ችሎታም ያመጣው ለውጥ ዜሮ ገደማ ነው። በሌላ ወገን ያለውንም ልናገር። ሼለንበርግ በ2004 በ144 የ6 ዓመት ልጆች ባደረገው ጥናት፣ ሙዚቃ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ አይኪዋቸው ጨምሮ ነበር። ልዩነቱ ግን 3 ነጥብ አይሞላም። «ይመጥቃል» የሚባለው ለዚህ ነው?

ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች በክፍልም የተሻለ ውጤት ሲያመጡ የምናየው በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። መሣሪያ የሚገዛ፣ ለአስተማሪ የሚከፍል፣ ልጁን የሚያመላልስ ቤት ለትምህርቱም ብዙ ነገር ያሟላል።

ጸሐፊው «ከ7 ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል» ያሉት የበለጠ አናዶኛል። ሰው ተስፋ ያስቆርጣላ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት እገምታለሁ። ሽላውግ በ1995 ግራና ቀኝ አንጎልን የሚያገናኘውን የነርቭ ድልድይ ሲለካ፣ ከ7 ዓመት በፊት የጀመሩ ሙዚቀኞች የድልድዩ የፊት ክፍል ሰፍቶ አግኝቶ ነበር። ቀድሞ መጀመር ዋጋ አለው። አንድን ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ሰምቶ ስሙን የመጥራት ችሎታም በአብዛኛው የሚታየው በልጅነት በጀመሩት ላይ ነው። ቀድሞ የገባ ይጠቀማል ማለት ግን ሌላው አይገባም ማለት አይደለም።

በ2007 አሚር ላሃቭና ባልደረቦቹ ሙዚቃ የማያውቁ ሰዎችን በ5 ቀን አንድ አጭር ቁራጭ በፒያኖ አስተማሩ። ከዚያ ቁራጩን ዝም ብለው እንዲያዳምጡ አደረጉ። እጃቸው ሳይንቀሳቀስ፣ እንቅስቃሴን የሚያዘጋጀው የአንጎላቸው ክፍል ተነሳ። ያልተማሩትን ዜማ ሲሰሙ ግን እንዲያ አልሆነም። በ5 ቀን ጆሮና እጅ ተዋወቁ ማለት ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። 58 ዓመት የሞላቸው ተማሪ አሉኝ። መጀመሪያ ሲመጡ የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው እንደተሰፉ ነበሩ፤ አንዷ ስትታጠፍ ሌላዋም ተከትላ ትወርዳለች። በራሳቸው ጣት ይስቁ ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ ጣቶቹ ተለያዩ። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ከውስጥ ሌላ ተማሪ እሳቸው የሚለማመዱትን ዜማ ይጫወታል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ጣቶቻቸው ተነሱ። በትክክለኛው ተራ። እሳቸው ግን አላወቁም።

ስለ ዶፓሚን ጽሑፉ የጠቀሰው ነገር እውነት አለው፤ ስለዚህ አልጨቃጨቅም። በ2011 ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን 8 ሰዎች መረመሩ። በጣም የሚወዱት ቦታ ሲደርስ ዶፓሚን መለቀቁን አዩ። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ቦታው ከመድረሱ በፊት፣ ሰውየው ሲጠብቅ፣ በሌላ የአንጎል ክፍል ዶፓሚን መለቀቅ ይጀምራል። ጥሩ ዘፋኝ አዝማቹን ጥቂት ምት የሚያዘገየው ያለ ነገር አይደለም። በ2019 ደግሞ ዶፓሚንን የሚጨምር መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ከሙዚቃ ያገኙት ደስታ ጨመረ፤ የሚገታውን ሲወስዱ ቀነሰ።

ሆኖም «በሁሉም ሰው» የምትለው ቃል ትውጣ። በ2014 የባርሴሎና ተመራማሪዎች ጆሯቸው ጤነኛ፣ ዜማ የሚለዩ፣ በሌላ ነገርም የሚደሰቱ፣ ሙዚቃ ግን ምንም የማይላቸው ሰዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ጓደኛ አለኝ። ኮንሰርት ወስጄው ሲያልቅ «ወንበሩ ጥሩ ነበር» አለኝ። ለዓመታት ደረቅ ነው እያልኩ ሳማው ኖሬያለሁ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

432 ኸርዝ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ዛሬ መሣሪያ የምንቃኝበት 440 ኸርዝ በ1939 ለንደን ላይ የተደረሰበት ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ በ1859 በሕግ 435 ብላ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የየራሱን ይቃኝ ነበር። በ440 እና በ432 መካከል ያለው ርቀት የግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሲሶ ያህል ነው። ኸርዝ ማለት ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ሰከንድን የወሰነው ሰው ነው። ሰከንድን ትንሽ ረዘም አድርገን ብንወስናት ኖሮ «ፈዋሹ» ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር።

ሙዚቃ ከፍቶ ስለማጥናትም መልሱ አጭር ነው። የሚያነቡት ነገር ቃል ከሆነ፣ ቃል ያለው ዘፈን ይሻማዎታል። ሳላሜና ባድሌ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ባደረጉት ሙከራ የሰው ድምፅ ያለበት ሙዚቃ፣ ድምፅ ከሌለው ይልቅ የቅርብ ጊዜ ትውስታን ይረብሻል። ሳህን እያጠቡ ወይም ልብስ እያጠፉ ከሆነ የፈለጉትን ይክፈቱ። እኔ ግን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረውም አያስጠናኝም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጆሮዬ ባሱን ተከትሎ ሄዶ አገኘዋለሁ።

የመርሳት በሽታው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ጽሑፉን ያነበዋልና።

መጀመሪያ እውነቱ። በ2008 ፊንላንድ ውስጥ ቴፖ ሳርካሞና ባልደረቦቹ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ተከታተሉ። ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት የመረጡትን ሙዚቃ የሰሙት፣ የቃል ትውስታቸውና ትኩረታቸው በድምፅ መጽሐፍ ከሰሙትም፣ ምንም ካልሰሙትም ይበልጥ አገገመ። እንቅስቃሴን በሚያውከው የፓርኪንሰን በሽታ የተያዙ ሰዎችም በምት ታግዘው ሲራመዱ እርምጃቸው ይሻሻላል። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው።

መርሳትን በተመለከተ፣ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ክላይቭ ዌሪንግ በ1985 ቫይረስ አንጎሉን አጠቃው። አዲስ ነገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይለትም። ሚስቱ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ ከዓመታት በኋላ እንደመጣች አድርጎ ይቀበላታል። ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግን ይጫወታል። በአልዛይመርም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ የልጅ ስም የጠፋባቸው ሰው የድሮ ዘፈን ከነግጥሙ ይዘፍናሉ። በ2015 የታተመ የላይፕሲግ ጥናት እንዳሳየው የቆየ ዜማን የሚያውቁት የአንጎል ክፍሎች አልዛይመር ዘግይቶ ከሚጎዳቸው መካከል ናቸው። ዘፈኑ የወጣው ያ ቦታ ገና ስላልተነካ ነው እንጂ፣ የተበላው ስለተመለሰ አይደለም። ለእናታችሁ የወጣትነታቸውን ዘፈን ክፈቱላቸው። አብራችሁም ዝፈኑ። መድኃኒታቸውን ግን አታስቁሙ። ዘፈኑ ሲያበቃ ስማችሁን ካልጠሩም ሙዚቃውን አሳስታችሁ የመረጣችሁ እንዳይመስላችሁ።

በመጨረሻ ያችን ምክር። «ድምፁን ከፍ አድርገው።»

ሌላው ስህተት ቢበዛ የሲዲ ዋጋ ያስከፍላል። ይህኛው ጆሮ ያስከፍላል። በጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያሻግሩት የፀጉር ሴሎች በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። የሞተው አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ድምፁ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይላል። 90 ዴሲቤል ላይ ግን የሳምንቱ ድርሻ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለሙዚቀኞችማ ይብሳል። የ7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን የጤና መድን መረጃ ያየ በ2014 የታተመ የጀርመን ጥናት፣ ባለሙያ ሙዚቀኞች በጩኸት በሚመጣ የመስማት ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.6 እጥፍ ያህል መሆኑን አግኝቷል። «የአንጎል ቫይታሚን» በብዛት የሚወስዱት እነሱ ናቸው እንግዲህ።

እኔ ለ9 ዓመት ባንድ ውስጥ ተጫውቻለሁ። የምቆመው ከድራሙ በስተቀኝ ነበር፤ ሲምባሉ ከግራ ጆሮዬ አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው። የጆሮ መድፈኛ የሚያደርግ ሰው ይሳቅበት ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግራ ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ አንድ ድምፅ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ኪቦርዱ ላይ ፈለግኩት። አንድ በአንድ እየነካሁ ወደ ቀኝ ሄድኩ። የመጨረሻዋ ቁልፍ 4,186 ኸርዝ ናት፤ እዚያም አልደረስኩበትም። ከእሷም በላይ ነው። 432 እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።